በጋራ ሕንፃ ስለሚኖሩ ሰዎችና ስለ ቤት እንስሶቻቸው

ሰው ብቻውን ሊኖር የማይችል ፍጥረት ስለ ሆነ ከጐረቤቱ ጋራ የሚስማማበት ሕግ ያስፈልገዋል። ቤቶች ተራርቀው በየአጥራቸው ውስጥ ይሠሩ በነበረበት ዘመን ይህ ሕግ የሚጀምረው ከአጥር ውጭ ነበር፤ ባለቤቱ በግቢው ላሙን ቢያስር፥ ውሻውን ቢያሳድር፥ ዶሮውን ቢያረባ የሚጠይቀው አልነበረም። ዛሬ ግን በብዙ አገር የአንዱ ወለል ለሌላው ጣራ ሆኖአል፤ የአንዱም ግድግዳ የሌላው ግድግዳ ነው። በአንዱ እልፍኝ የሚጮኸው ውሻ በሌላው እልፍኝ የተኛውን ሕፃን ይቀሰቅሳል። ከዚህ የተነሣ በጋራ ሕንፃ የሚኖሩ ሰዎች ማኅበር እያቆሙ የቤት እንስሳን የሚከለክል ወይም ቍጥሩን የሚወስን ደንብ ያወጣሉ። ነገሩ ለሚሰማው ሰው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ትንሽ ነገር ውስጥ አንድ ታላቅ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የማኅበር ሥልጣን በሰው ደጃፍ ላይ ይቆማልን፥ ወይስ ደጃፉን አልፎ እስከ ምድጃው ድረስ ይገባል የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ በሰፊው የተመረመረው በአሜሪካ ነው። (ስለ ውጭ አገር የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ አገር ከ70 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የቤት ባለቤቶች ማኅበር በሚያስተዳድረው ሰፈር ወይም ሕንፃ ውስጥ እንደሚኖር ይገመታል። የማኅበሩም አመሠራረት እንዲህ ነው። ቤቶቹን ያሠራው ነጋዴ አንዱንም ቤት ሳይሸጥ አስቀድሞ ሰፈሩ የሚተዳደርበትን ደንብ ጽፎ በመንግሥት መዝገብ ያስመዘግባል። ከዚያ በኋላ ቤቱን የሚገዛ ሁሉ፥ ከገዢውም ላይ የሚገዛ፥ ደንቡን ከቤቱ ጋራ አብሮ ገዛ ማለት ነው። ባለቤቶቹ ከመካከላቸው ሹሞች ይመርጣሉ፤ ሹሞቹም መዋጮ ይሰበስባሉ፥ የጋራውን ደረጃና ግቢ ያስጠብቃሉ፥ ደንብ የተላለፈውን ሰው መቀጫ ያስከፍላሉ። መዋጮውን ያልከፈለውን ሰው ቤት በዕዳ እስከ ማሸጥ የሚደርሱበትም ክፍለ አገር አለ። እንግዲህ ይህ ማኅበር በስሙ የጐረቤቶች ስምምነት ሲሆን በሥራው ግን እንደ ትንሽ መንግሥት ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት ከገዙት ኢትዮጵያውያን መካከልም በእንደዚህ ያለ ማኅበር ሥር የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው።

የቤት እንስሳን የሚመለከተው ደንብ በየስፍራው ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዱ ማኅበር ከወፍና ከዓሣ በቀር ምንም እንስሳ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ሌላው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይፈቅዳል፤ ሌላው ደግሞ የውሻውን ክብደት በሚዛን ይወስናል፥ ወይም ተናካሽ ናቸው የተባሉትን ዘሮች ለይቶ ያግዳል። በብዙ ስፍራ ውሻ በገመድ ሳይያዝ እንዳይወጣ፥ ባለቤቱም ኩሱን ራሱ እንዲያነሣ ታዟል። እንዲያውም የእያንዳንዱን ውሻ ምራቅ አስመርምረው በመዝገብ የሚያኖሩ፥ በግቢው ተጥሎ የተገኘውንም ኩስ በሳይንስ አስመርምረው ባለቤቱን ለይተው የሚቀጡ ማኅበሮች አሉ።

እነዚህን ደንቦች የሚያወጡት ሰዎች ያለ ምክንያት አይደሉም። ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኽ ውሻ የሠራተኛውን ዕረፍትና የበሽተኛውን እንቅልፍ ይወስዳል። የድመት ጠጕር ትንፋሹን የሚያፍነው ሰው አለ፤ በልጅነቱ ተነክሶ ውሻ ባየ ጊዜ የሚንቀጠቀጥም አለ። የጋራው ደረጃ ቢቈሽሽ፥ ምንጣፉም ቢሸት፥ የሚጸዳበት ገንዘብ እንስሳ ከሌለው ሰው መዋጮ ጭምር ይወጣል። ከዚህም በላይ ሕንፃው እንስሳ የማይገባበት መሆኑን አይቶ፥ ያንኑ ፈልጎ ገንዘቡን ከፍሎ የገባ ሰው፥ በኋላ ደንቡ ቢፈርስበት ተታለልሁ ቢል ይፈረድለታል። ስለዚህ ጭካኔን የደንብ አውጪዎች ርኅራኄንም የእንስሳ ወዳጆች ብቻ አድርጎ መናገር ትክክለኛ ፍርድ አይሆንም።

ሁለቱ ወገኖች በግልጥ የተሟገቱበት ነገር በካሊፎርኒያ ክፍለ አገር በከልቨር ሲቲ ከተማ የደረሰው ነው። በዚያ ሌክሳይድ ቪሌጅ የሚባል 530 ቤቶች ያሉበት የጋራ መኖሪያ አለ። በ1988 አንዲት ሴት ከነዚህ ቤቶች አንዱን ገዝታ ከሦስት ድመቶችዋ ጋራ ገባች። የሰፈሩ ደንብ ግን ውሻና ድመት በቤት ውስጥ እንዳይኖር ይከለክል ነበር። ማኅበሩ ድመቶቹን ባወቀ ጊዜ እንድታስወጣ አዘዛት፤ እንቢ ባለችም ጊዜ በየወሩ መቀጫ ጣለባት። እርስዋም ድመቶቼ ከቤት አይወጡም፥ ድምፅ አያሰሙም፥ ማንንም አላስቸገሩም፤ ቤቱን ስገዛም ይህን ደንብ አላወቅሁም ብላ ከሰሰች። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን ነገርዋ ሊሰማ ይገባል ብሎ ፈረደላት፤ በመጨረሻም ጕዳዩ ወደ ክፍለ አገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመስከረም ወር 1994 ከሰባቱ ዳኞች በስድስቱ ድምፅ ለማኅበሩ ፈረደ። የፍርዱም መሠረት ይህ ነው። ቤት ሳይሸጥ አስቀድሞ በመዝገብ የተጻፈ ደንብ ትክክለኛ እንደ ሆነ ይቈጠራል፤ የሚፈርሰውም ፈጽሞ ምክንያት የሌለው እንደ ሆነ፥ ወይም የሚያመጣው ጕዳት ከጥቅሙ እጅግ የሚበልጥ እንደ ሆነ፥ ወይም ከአገሩ ሕግ መሠረት ጋራ የሚቃረን እንደ ሆነ ብቻ ነው። ይህም የሚመዘነው ለአንዲት ሴት ወይም ለአንድ ድመት ሳይሆን ለሰፈሩ ሁሉ ነው። እያንዳንዱ ሰው የእኔ ድመት ጨዋ ናት እያለ ለብቻው ቢሟገት ማኅበሩ በክርክር ብቻ ገንዘቡን ይጨርሳል፤ ደንቡን አምነው የገቡትም ሰዎች እምነታቸው ከንቱ ይሆናል አሉ።

አርመንድ አራቢያን የተባሉት ዳኛ ግን ብቻቸውን ከዚህ ፍርድ ተለዩ። ድመት በቤት ውስጥ በሰላም ተቀምጣ ለባለቤትዋ መጽናናት የምትሰጥ ስትሆን፥ በጐረቤት ላይም አንዳች ጕዳት ሳታደርስ፥ ደንቡ ሰውን በገዛ ቤቱ ውስጥ ካለው ዕረፍት የሚለይ ሸክም ሆኖአል ሲሉ ጻፉ። የስድስቱ ዳኞች ፍርድ ቃል ኪዳንን ይጠብቃል፤ የአንዱ ዳኛ አሳብ ደግሞ ቃል ኪዳን እስከ ምን ድረስ ሊዘረጋ እንደሚገባው ይጠይቃል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል።

ይህን ክርክር የቈረጠው ዳኛ ሳይሆን ሕግ አውጪ ነው። የካሊፎርኒያ የሕግ ምክር ቤት በ2000 አንድ ሕግ አወጣ፤ ሕጉም ከ2001 መጀመሪያ አንሥቶ የጸና ሆነ። በዚህ ሕግ መሠረት በጋራ መኖሪያ ያለ የቤት ባለቤት ቢያንስ አንድ የቤት እንስሳ፥ ይኸውም ውሻ፥ ድመት፥ ለማዳ ወፍ ወይም በመስተዋት ውኃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ፥ እንዳይኖረው ሊከለከል አይችልም። ማኅበሩ ግን ተገቢ የሆነ ሥርዓት ከማውጣት አልተከለከለም። ሕጉ የሚመለከተው ከዚያን ቀን በኋላ የወጣውን ወይም የተሻሻለውን ደንብ እንጂ አስቀድሞ የጸናውን እንዳልሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። እንዲህም በመሆኑ የቀድሞ ቃል ኪዳን በድንገት ሳይፈርስ ለወደ ፊቱ አዲስ መንገድ ተከፈተ። ሹማምንት አንድን ልማድ ለማረም ባሰቡ ጊዜ ይህ ዐይነቱ ትዕግሥት ሊመለከቱት የሚገባ ነው።

ሌሎችም አገሮች በየመንገዳቸው ወደዚሁ ደርሰዋል። ፈረንሳይ ከሁሉ ቀድማ በሐምሌ ወር 1970 ባወጣችው ሕግ በመኖሪያ ቤት ለማዳ እንስሳ እንዳይኖር የሚከለክል ውል ሁሉ እንዳልተጻፈ እንዲቈጠር ደነገገች፤ ነገር ግን እንስሳው ሕንፃውን እንዳያበላሽ የጐረቤትንም ሰላም እንዳያውክ የሚል ማሰሪያ አኖረችበት። ኢጣሊያ በ2012 መጨረሻ ባወጣችውና በ2013 በጸናው ሕግ የጋራ ሕንፃ ደንብ የቤት እንስሳን ፈጽሞ ሊከለክል እንደማይችል ወሰነች። በአውስትራልያም በሲድኒ ከተማ ሆራይዘን በሚባለው ከ40 ፎቅ በላይ ባለው ሕንፃ ስለሚኖር አንድ ትንሽ ውሻ ባለቤቶቹና ማኅበሩ ከዳኛ ወደ ዳኛ ሲመላለሱ ቈይተው በጥቅምት ወር 2020 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የማኅበሩን ክልከላ አፈረሰው። የፍርዱም ምክንያት ለሌላው ነዋሪ ጥቅም የማይሰጥና ጕዳትም የማይከለክል ደንብ ሰውን በገዛ ቤቱ መጨቈን ነው የሚል ነበር። በማግሥቱ ዓመት በ2021 የዚያ ክፍለ አገር መንግሥት፥ እንስሳው የጐረቤትን ሰላም ያለ መጠን የሚነካ ካልሆነ በቀር ማኅበር ሊከለክለው አይችልም ብሎ በሕግ አጸናው።

የሲንጋፖር ነገር ከዚህ ይለያል፤ ምክንያቱም በዚያ ደንቡን የሚያወጣው የጐረቤቶች ማኅበር ሳይሆን መንግሥት ራሱ ነው። ከሕዝቡ አብዛኛው መንግሥት በሠራቸው ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ ይኖራል፤ በነዚህም ቤቶች ድመት ማኖር ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የተከለከለ ነበር። ቢሆንም ብዙ ሰዎች በስውር ያኖሩ ነበር። በስውር የሚኖር እንስሳ በመዝገብ አይጻፍም፤ ባለቤቱም ክስ ስለሚፈራ ወደ ሐኪም ለመውሰድ ያመነታል። መንግሥቱ ይህን አይቶ ከመስከረም 1 ቀን 2024 ጀምሮ በአንድ ቤት እስከ ሁለት ድመት ፈቀደ፤ ነገር ግን ባለቤቱ ፈቃድ እንዲያወጣ፥ ድመቲቱም መለያ ምልክት በቆዳዋ ሥር እንዲገባላት አዘዘ። የውሻው ወሰን ግን አንድና ከተፈቀዱት ትንንሽ ዘሮች ብቻ ሆኖ ጸንቶአል። ሊጠበቅ የማይችል ክልከላ ሕዝቡን ሕግን መናቅ ከማስተማር በቀር የሚያመጣው ፍሬ የለም፤ ሊጠበቅ የሚችል ወሰን ግን ሕግን ያስከብራል።

ከነዚህ ሁሉ በላይ የሚቈም አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የአካል ጕዳተኛው መብት ነው። ዐይነ ስውሩን የሚመራው ውሻ መጫወቻ ሳይሆን በትሩና ዐይኑ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1968 ያወጣውንና በ1988 ያሻሻለውን የመኖሪያ ቤት ሕግ መሠረት በማድረግ፥ ማኅበር የቤት እንስሳን ቢከለክልም እንኳ ለአካል ጕዳተኛው የሚያገለግለውን እንስሳ ሊከለክል እንደማይችል ተወስኖአል። ይሁን እንጂ ተንኰለኛ በሁሉ ስፍራ ስለማይታጣ፥ ጕዳት ሳይኖርባቸው በገንዘብ የተገዛ ወረቀት እያሳዩ ውሻቸውን የሚያስገቡ ተገኙ። የፍሎሪዳ ክፍለ አገር በ2020 እንዲህ ያለውን ሐሰት በወንጀል የሚያስቀጣ ሕግ አወጣ። ምሕረትን በሐሰት የሚጠቀም ሰው የሚበድለው ማኅበሩን ብቻ አይደለም፤ እውነተኛው ችግረኛ እንዳይታመን ያደርገዋልና።

ለመጻሕፍት ሊቃውንት ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ስለሚዋጋ በሬ የተሰጠው ሥርዓት የሚለየው በሬ ያለውንና በሬ የሌለውን አይደለም። የሚለየው በሬው ተዋጊ መሆኑን ያላወቀውን ሰውና አስቀድሞ ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው የቀረውን ሰው ነው። ስለዚህ ሕጉ የተመለከተው ጕዳቱንና ማስጠንቀቂያውን እንጂ እንስሳ ማኖርን አልነበረም። ነቢዩ ናታን ለንጉሡ ለዳዊት በነገረው ምሳሌም ያ ድኻ አንዲት በግ ብቻ ነበረችው፤ ከልጆቹም ጋራ አሳድጎ እንደ ልጁ ይወድዳት ነበር። ንጉሡ ነገሩን ሰምቶ የተቈጣው የበጊቱን ዋጋ አስልቶ አይደለም፤ ሰው ለእንስሳው ያለውን ፍቅር እርሱም እረኛ ሆኖ ስላወቀው ነው። እንደዚሁም የጦቢት ልጅ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው እንደ ተከተለው ተጽፎአል። በሌላው ወገን ደግሞ ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ መጠበቁ ከስፍራው ክብር የተነሣ እንጂ ፍጥረቱን ከመጥላት አይደለም። እንግዲህ ርኅራኄና ሥርዓት አንዱ ለሌላው ጠላት አይደሉም፤ ለሁለቱም የየራሳቸው ስፍራ አላቸው።

ይህ ነገር ዛሬ ለኢትዮጵያም የሩቅ ወሬ አይደለም። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ስለ ጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቍጥር 370 ወጥቶ፥ የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲያቆሙና መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖራቸው ተደርጎአል። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ የጋራ ቤቶች ተሠርተው በዕጣ ለሕዝብ ታድለዋል። ወደ እነዚህ ቤቶች የገቡት ብዙዎቹ ከአጥር ግቢ የመጡ ናቸው፤ ዘበኛ የሚሆን ውሻ፥ አይጥ የምታጠፋ ድመት፥ ለበዓል የሚታሰር በግ የኑሮአቸው ክፍል ነበር። በየሰፈሩ የጋራ ማረጃና ማጠቢያ ቤት መሠራቱም ይህን ልማድ በማሰብ ነው። ነገር ግን በአራተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ የታሰረ በግ ከሥሩ ላለው ጐረቤት ምን እንደሚያወርድበት ለማወቅ ብዙ ጥበብ አያስፈልግም። ሳይከተብ በደረጃ የሚመላለስ ውሻም ከሁሉ የከፋ አደጋ አለው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኀኒት የለውምና። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም እንስሳ ለሚያደርሰው ጕዳት ባለቤቱ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ነገር ግን ይህ ሕግ የሚደርሰው ጕዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ የማኅበር ደንብ ጥቅሙ ጕዳቱ ሳይደርስ ለመከልከል ነው።

ከሌሎቹ አገሮች ድካም ሊወሰድ የሚገባው ትምህርት በአራት ነገር ይጠቃለላል። የመጀመሪያው፥ ደንብ ቤት ከመገዛቱ ወይም ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ለገቢው ሁሉ በሚያስተውለው ቋንቋ ሊነበብለት ይገባል፤ ያልተነገረ ደንብ ወጥመድ ነውና። ሁለተኛው፥ ደንቡ የሚከለክለው ጕዳትን ይሁን፤ ጩኸትን፥ ሽታን፥ ቍሻሻን፥ ንክሻን፥ ያለ ክትባት መኖርን። በቤት ውስጥ ተቀምጣ ማንንም የማታስቸግረውን የአንዲት ባልቴት ድመት የሚያሳድድ ደንብ ግን ከማኅበር ሥልጣን ያለፈ ነው። ሦስተኛው፥ የቍጥርና የዘር ወሰን ከሕንፃው ስፋትና ከነዋሪው ብዛት ጋራ ተመዝኖ ለሁሉ እኩል ይሁን፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ውሻ ሲያኖር ተራው ነዋሪ ቢከለከል ደንቡ በዚያው ቀን ሞቶአል። አራተኛው፥ መቀጫ ከመጣሉ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ፤ የተከሰሰውም ሰው በጐረቤቶቹ ፊት ቃሉን ይስጥ፤ አዲስ ደንብ በወጣ ጊዜም አስቀድሞ የነበረው እንስሳ ዕድሜውን እስኪጨርስ ይታገሡት።

ደንብን ለማኅበር ብቻ መተው አይበቃም፤ ሁሉንም በአዋጅ መወሰንም አይጠቅምም። መንግሥት ማንም ማኅበር ሊያልፈው የማይችለውን ወሰን፥ ይኸውም የአካል ጕዳተኛውን መብትና የሕዝቡን ጤና፥ በሕግ ቢያጸና፥ የቀረውን ዝርዝር ነገር የሕንፃው ነዋሪዎች ተሰብስበው ቢወስኑ ይሻላል። ከየቀበሌው ሹማምንት የሚጠበቀውም ደንቡ በእውነት በጕባኤ ተመክሮበት የወጣ መሆኑን መመርመር ነው፤ ሦስት ሰው በአንድ ክፍል ተቀምጦ የጻፈውን የሕዝብ ቃል አድርጎ መቀበል ኋላ ፍርድ ቤቶችን በክስ ይሞላል። በየአጥቢያው ያሉ ካህናትም ጐረቤቶች በእንስሳ ምክንያት ሲጣሉ ቀድመው የሚሰሙ ሽማግሌዎች ናቸውና፥ እንስሳውን የሚወድደውን ለጐረቤቱ ዕረፍት እንዲራራ፥ እንስሳውን የሚጠላውንም ለጐረቤቱ ብቸኝነት እንዲራራ ቢመክሩ ብዙው ክስ ከዳኛ ፊት ሳይደርስ ይቀራል።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጐረቤት ይሻላል እየተባለ የሚነገረው በከንቱ አይደለም። በካሊፎርኒያና በሲድኒ የታየው ሙግት ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ከፈጀ በኋላ የደረሰበት ስፍራ ሲመረመር፥ ሁለት ጐረቤቶች በመጀመሪያው ቀን በአንድ ደረጃ ላይ ቆመው ሊስማሙበት ይችሉ የነበረው ነገር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ የጋራ ሕንፃዎች ገና እየበዙ ባሉበት በዚህ ጊዜ ደንቡን በልክና በምክር ማውጣት፥ ቤቶቹ በክርክር ከተሞሉ በኋላ ከማረም እጅግ የቀለለ ሥራ ነው።